ቡድኑ የማን ነው?



በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ስለ ጤና አጠባበቅ፣ ስለ ሰሊጥ እርሻና ስለ አገራችን ታሪክ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ ኳስ ለመጻፍ ብዕሬን አንሥቻለሁ። «ኳስ ደግሞ ምን ይጻፍለታል? ይልቅስ ትምህርትህን አጥና» የሚል ወላጅ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ዳሩ ግን የምጽፈው ማን ስንት ግብ እንዳገባ ለመተረክ አይደለም። ባለቤት ስለሚባለው ኩባንያና ባለቤት ሳይሆን «ቡድኔ» እያለ ስለሚኖረው ደጋፊ ነው። ይህም በክፍል ውስጥ ስለ ንብረትና ስለ ንግድ ከምንማረው የራቀ ነገር አይደለም።

በአማርኛችን «የእኛ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንድ የአገራችን ገበሬ «ሰሊጣችን ደረሰ» ሲል ሰሊጡ ንብረቱ ነው፤ ሊያጭደው፣ ሊያከማቸው፣ ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ ወስዶ ለፈለገው ነጋዴ ሊሸጠው ይችላል። ያው ገበሬ «ጓንግ ወንዛችን» ሲል ግን «በስንት ትሸጠዋለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። ወንዙ የእርሱ የሆነው ከብቱን ስላጠጣበት፣ በልጅነቱ ስለ ዋኘበትና ክረምት ሲሞላ ስለ ፈራው ነው። እንግዲህ የኳስ ቡድን ነገር የሚያጣላው ከዚህ ላይ ነው። ደጋፊው ቡድኑን እንደ ጓንግ «የእኛ» ይለዋል፤ ኩባንያው ደግሞ እንደ ሰሊጥ «የእኛ» ይለዋል። ሁለቱም አልዋሹም። ጠቡ የሚነሣው ባለ ሰሊጡ ወደ ገበያ የወጣ ዕለት ነው።

በሕግ ዐይን ሲታይ ቡድን ማለት ስሙ፣ አርማው፣ ከተጫዋቾች ጋር የተፈራረመው ውል፣ ሜዳ ካለው ሜዳው፣ እንዲሁም በውድድሩ ውስጥ የያዘው ቦታ ነው። ይህ ሁሉ እንደ ቤትና እንደ መኪና በባለቤቱ ስም ይመዘገባል። ደጋፊው በመዝገቡ ላይ የለም። ነገር ግን ደጋፊውን ከመካከል ብታወጡት ዋጋ የሚያወጣ ነገር አይቀርም፤ አርማው ጨርቅ ላይ የተሰፋ ሥዕል፣ ተጫዋቾቹም በሳር ላይ የሚሮጡ ሃያ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ። ሳሙና ወይም ጨርቅ ዋጋውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የቡድን ዋጋ ግን የሚሠራው ከፋብሪካው ውጭ፣ ደመወዝ በማይከፈላቸው ሰዎች ልብ ውስጥ ነው። እኔ ይህን ጉዳይ ማጥናት ከጀመርሁ ወዲህ ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው።

የገንዘቡን መንገድ ለማየት ከመተማ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ ወደ ዲኤስቲቪ ቤቶቻችን ጎራ ብትሉ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የባጃጅ ነጂው፣ በአረምና በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ በአንድ አግዳሚ ላይ ተፋፍጎ ታገኙታላችሁ። አርሰናል በአንድ ወገን፣ ማንቸስተር ዩናይትድ በሌላ ወገን ነው፤ የቀሩት በየመካከሉ ናቸው። በሩ ላይ የምንከፍለው ጥቂት ብር ነው። የቤቱ ባለቤት ከዚያ ላይ የወር ክፍያውን ለዲኤስቲቪ ይከፍላል። ዲኤስቲቪ የደቡብ አፍሪካው የመልቲቾይስ ኩባንያ ነው፤ ይህንም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ ጠቅልሎ ገዝቶታል። ኩባንያው ከሰበሰበው ላይ ለእንግሊዝ ሊግ የማሳያ መብት ይከፍላል፤ ሊጉም ለቡድኖቹ ያከፋፍላል። ስለዚህ በመተማ በር ላይ የተከፈለችው ብር ተሸርሽራም ቢሆን ሎንዶን ትደርሳለች ማለት ነው።

ገንዘቡ ሲደርስ ግን ድምፃችን አብሮት አይሄድም። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተው በሎንዶን አጠገብ በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበር። ማንቸስተር ዩናይትድም እ.ኤ.አ. በ1878 ኒውተን ሂዝ በሚባል ስም ሲጀመር የምድር ባቡር ሠራተኞች ቡድን ነበር። ሁለቱም ከሥራ በኋላ ልብሳቸውን ቀይረው የሚራገጡ ላብ አደሮች ያቋቋሟቸው ናቸው። ዛሬ አርሰናል የአሜሪካዊው የስታን ክሮንኬ ኩባንያ ንብረት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረውን አክሲዮን ሁሉ ገዝቶ ብቻውን ጠቅልሎታል። ማንቸስተርን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው የግሌዘር ቤተሰብ ሲገዛው አብዛኛውን ገንዘብ ከአበዳሪ አምጥቶ ዕዳውን በቡድኑ ላይ ጫነው። ነገሩን በእኛ አገር አነጋገር ላስረዳ፤ አንድ ሰው በሬ ለመግዛት ይበደርና ዕዳውን በሬው አርሶ እንዲከፍል ያደርጋል፤ በሬው ግን ከዚያ በፊት ዕዳ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ያኔ የተቆጡ አንዳንድ የማንቸስተር ደጋፊዎች በዚያው ዓመት ተነጥለው የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ። እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። የሚጫወተው በታችኛው ሊግ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይም አናየውም።

የዚህ ሁሉ መጨረሻው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ታየ። ስድስት የእንግሊዝ፣ ሦስት የስጳኝና ሦስት የኢጣሊያ ቡድኖች ተሰብስበው «ሱፐር ሊግ» የሚባል የራሳቸውን ውድድር አወጁ። መሥራቾቹ ቢሸነፉም ከውድድሩ እንዳይወርዱ ተደርጎ የተሰናዳ ነበር። ተማሪ ፈተና ወድቆም ክፍል እንዲያልፍ አስቀድሞ መወሰን እንደ ማለት ነው። የእንግሊዝ ደጋፊዎች በየሜዳው ደጃፍ ወጡ፤ የቼልሲ ተጫዋቾችን የጫነውን አውቶቡስ መንገድ ዘግተው አቆሙት። በሁለት ቀን ጊዜ ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ቡድኖች ከማኅበሩ ወጡ። እንግዲህ ደጋፊ በመዝገብ ባይኖርም በመንገድ ላይ መኖሩ ታወቀ። በእኛ በኩል ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እኛ የመተማ ልጆች የምንዘጋው መንገድ የለንም። ከዲኤስቲቪ ቤት ብንቀር የሚከስረው የሰፈራችን ባለ ሱቅ እንጂ ክሮንኬ አይደለም። ይሁን እንጂ ቁጥራችንን ይፈልጉታል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአርሰናል ማልያ እጅጌ ላይ «ሩዋንዳን ጎብኙ» የሚል ጽሑፍ ሲታይ የቆየው ዐይናችን ዋጋ ስላለው ነው።

አሁን ወደ አገራችን፣ ይልቁንም ወደ ጎንደር ልመለስ፤ ዋናው ነገሬ ያለው ከዚያ ነውና። (ስለ ቢራ በትምህርት ቤት መጽሔት መጻፌ እንደ ነውር እንዳይቆጠርብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የኢትዮጵያን ኳስ ታሪክ ያለ ቢራና ያለ ባንክ መጻፍ አይቻልም።) የዳሸን ቢራ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ከተቋቋመ በኋላ የራሱን ኳስ ቡድን አቋቋመ። ስሙም ዳሸን ቢራ ተባለ። ቡድኑ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በፋሲለደስ ስታዲየም ከአዲስ አበባ የመጡትን ታላላቅ ቡድኖች እየተቀበለ ለጥቂት ዓመታት ተጫወተ። ደመወዝ ይከፈላል፤ ማልያ አለ፤ አውቶቡስ አለ። በ2008 ዓ.ም. ግን ከሊጉ ወረደ፤ ከወረደም በኋላ ፋብሪካው ቡድኑን አፈረሰው።

ከዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቡድን ሲወርድ ደጋፊ ያዝናል፤ ነገር ግን ማዘኑ ራሱ የኳስ ክፍል ነው። ለሚመጣው ዓመት ያስባል፤ አሠልጣኙን ይራገማል፤ ተመልሶ ይገባል። ቡድን ሲፈርስ ግን የሚታዘንለት ነገር እንኳ አይቀርም። ፋብሪካውም በራሱ አስተያየት አልተሳሳተም። ቡድኑን ያቆመው ስሙን እንዲያስጠራለት ነበር፤ በታችኛው ሊግ ማንም የማያየው ማስታወቂያ ምን ይጠቅመዋል? አንድ የሱቅ ሰሌዳ ቀለሙ ሲለቅ እንደሚነሣ ሁሉ ቡድኑም ተነሣ። ችግሩ በዚያ ሰሌዳ ሥር ተቀምጠው በፀሐይና በዝናብ የዘመሩ ሰዎች መኖራቸው ነው።

ደግነቱ ጎንደር ሌላ ቡድን ነበራት። በዚያው ዳሸን በወረደበት ዓመት ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አለፈ። «ከነማ» ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የሚለው አጥሮ የተጻፈበት ነው። ሌሎች ከተሞች ይህን ቃል እየተዉ «ከተማ» ብለዋል፤ ሐዋሳ ከነማ የነበረው ሐዋሳ ከተማ እንደ ተባለ ማለት ነው። ፋሲል ግን ቃሉን እንደ ያዘ ቀርቷል፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ በስሙ ውስጥ «ነዋሪዎች» የሚለው ቃል ተሸሽጎ ይኖራልና። ዳሸን ቢራም ከጊዜ በኋላ የራሱ ቡድን ከሌለው በፋሲል ማልያ ላይ ስሙን አሳትሞ መደገፍ ጀመረ። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ አካሄድ ይመስለኛል። ፋብሪካው ስሙ ይጠራለታል፤ ቢሰለቸው ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል እንጂ ቡድኑን ይዞ አይሄድም። ለቡድኑ የገንዘብ ማጣት ከባድ ነው፤ ሆኖም መራብና መሞት አንድ አይደሉም።

ከጎንደር እስከ መተማ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢሆንም የቆላው ሰው ፋሲልን እንደ ራሱ ቡድን ያያል። «ዐፄዎቹ» የሚለው የቅጽል ስም ደግሞ ለእኛ ለመተማ ሰዎች የራሱ ትርጉም አለው፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁት ከዚሁ ከመተማ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ትውልድ ደግሞ ጎረቤታችን ቋራ ነው። ይህን ታሪክ ማንም ኩባንያ ገዝቶ አላመጣውም።

ለኩባንያ የተዘጋጀ ቡድን የማፍረስ ነገር በጎንደር ብቻ የደረሰ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ በወረደ ጊዜ ባንኩ ቡድኑን በተነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ተመልሶ አለፈ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዋንጫውን ወሰደ። እንግዲህ አንዱ ባለቤት በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ገደለ፣ አስነሣ፣ አነገሠ። ይህን ሳነብ የተሰማኝ አድናቆትና ፍርሃት ነው። በመካከሉ በነበሩት ባዶ ዓመታት የባንኩ ቡድን ደጋፊ የነበረ ሰው እሑድ እሑድ ምን ሲሠራ እንደ ቆየ ማንም አልጠየቀውም።

የኢትዮጵያ ቡድኖች ከጥንት ጀምሮ በመሥሪያ ቤት ሥር ማደራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። መብራት ኃይል፣ መቻል፣ ቡና፣ ባንክ፣ ሲሚንቶ እያልን የምንቆጥራቸው ስሞች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። የሜዳ መግቢያ ገንዘብ ብቻውን ቡድን አያኖርም። ሠራተኞች ያቋቋሙት ቡድንና አስተዳዳሪዎች ያቋቋሙት ቡድን ግን ልዩነት አላቸው። የኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. ሲመሠረት ከቡናው ሥራ ነው የተነሣው፤ ዛሬ ግን በአዲስ አበባ «ቡና» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ንግዱን ሳይሆን በቡኒና በቢጫ ቀለም የሚዘምረውን ሕዝብ ነው። ስሙ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ወደ ሰፈር ገብቷል።

ስም የባለቤት ፈቃድ ብቻ አለመሆኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች፣ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሣሽነት ተመሠረተ። ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ስሙን አስለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኘው። በደርግ ዘመን ደግሞ ስሙ እንደገና ተለውጦ በቢራ ፋብሪካ ስም እንዲጠራ ሆነ። ሁለቱም ስሞች በየጊዜያቸው በወረቀት ላይ የጸኑ ነበሩ፤ ማኅተምም ነበራቸው። ሕዝቡ ግን በቤቱ ውስጥ ጊዮርጊስን ጊዮርጊስ ማለቱን አልተወም፤ ሁለቱ መንግሥታት ሲያልፉም ወረቀቱ ሕዝቡን ተከትሎ ታረመ። የጣሊያኑን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ታሪክ አንባቢ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ታላላቅ ከተሞችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ ከሰፈራችን አንድ ምሳሌ ላምጣ። የሰፈራችን ልጆች ቡድን ለብዙ ጊዜ ማልያ አልነበረውም፤ ግማሹ ከነሸሚዙ፣ ግማሹ ሸሚዙን አውልቆ ይጫወት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ባለ ሱቅ ዐሥራ ሁለት ማልያና አንድ ኳስ ገዛልን፤ በማልያው ጀርባ የሱቁን ስም አጻፈበት። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ አጥቂ ሆኖ እንዲሰለፍ ጠየቀን። ልጁ መልካም ልጅ ነበር፤ በግራ እግሩም በቀኝ እግሩም አይመታም እንጂ። በአራተኛው ሳምንት በረኛችን ከሌላ ሱቅ ስኳር ሲገዛ ታየና ከቡድኑ ይውጣ ተባለ። የሰሊጥ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ደግሞ ማልያዎቹ «ታጥበው ይምጡ» ተብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። እኛም ወደ ድሮአችን፣ ሸሚዝ ወደ ማውለቁ ተመለስን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ነው የወሰደው። ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ኳስ ሊያዩ ይመጡ የነበሩ የሰፈር ሽማግሌዎች መምጣታቸውን ተዉ፤ ልጆቹን የሚያውቋቸው በማልያው ቁጥር ነበርና።

በውጭ አገር የዚህ ዓይነት ነገር በሰፊው ደርሷል። በዌልስ አገር ካርዲፍ ሲቲ የሚባለው ቡድን ቅጽል ስሙ «ሰማያዊ ወፎች» ነው፤ ማልያውም ከጥንት ሰማያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ማሌዢያዊው ባለቤት ቪንሰንት ታን ቀይ የተሻለ ዕድል ያመጣል ብሎ ማልያውን ቀይ አደረገው። ደጋፊዎቹ ሰማያዊ ሻርፕ እየለበሱ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሰማያዊው ተመለሰ። በኦስትርያ የሳልዝቡርግን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 የገዛው የሬድ ቡል መጠጥ ኩባንያ ግን ወይን ጠጁን ቀለም በራሱ ቀይና ነጭ ለወጠ፤ አልመለሰውም፤ የቀድሞውን ቀለም የወደዱት ወጥተው ሌላ ቡድን መሠረቱ። ከሁሉ የከፋው ግን የዊምብልደን ነው። ይህ ቡድን የደቡብ ሎንዶን ነበር። ባለቤቶቹ ወደ ሚልተን ኪንስ፣ ወደ ዘጠና ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኝ አዲስ ከተማ ሊያዛውሩት አሰቡና እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈቀደላቸው። ቡድኑ ሄደ፤ ስሙም ተለወጠ። ደጋፊዎቹ አልሄዱም። በዚያው ዓመት በሕዝብ መናፈሻ ላይ ተጫዋች መርጠው ከዘጠነኛው ደረጃ ሊግ ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ አራተኛው ደረጃ አደጉ። ይህም ቡድን እስከ አሁን የደጋፊዎቹ ማኅበር ነው።

በጀርመን ደግሞ ነገሩን በሕግ ለማሰር ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ኩባንያ በቡድን ውስጥ ገንዘብ ሊያገባ ይችላል፤ ነገር ግን ከድምፁ ግማሹና አንድ ተጨማሪ ድምፅ በአባላቱ እጅ መቅረት አለበት። ለየት ያሉት እንደ ሌቨርኩዘን ያሉ፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1904 ያቋቋሙት ቡድን ዓይነት ናቸው። ሕጉ ፍጹም አይደለም፤ ሀብታም ቡድኖችንም ከማሸነፍ አላገደም። ቢሆንም ቡድን የሚያዛውርና ቀለም የሚለውጥ ባለቤት በዚያ አገር ከአባላቱ ፊት መቆም ይኖርበታል።

በአገራችን ደግሞ ቡድኑ ሳይሸጥ፣ ማልያው ሳይለወጥ፣ ደጋፊው ከቡድኑ የተለየበት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ቴሌቪዥን ነው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ። ውሉ የአምስት ዓመት ሲሆን ዋጋው 22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር። ሊጉም በዚያ ጊዜ ቤትኪንግ በሚባል የውርርድ ድርጅት ስም ይጠራ ጀመር፤ ይህን ለመምህራኖቻችን ማብራራት አስቸጋሪ ነው፤ ተማሪ እንዳይወራረድ እየመከሩን የአገራችን ሊግ ራሱ የውርርድ ቤት ስም ለብሶ ነበርና። ገንዘቡ ለቡድኖቹ ጠቅሟል፤ ጨዋታውም በዓለም ታየ። ነገር ግን የኮሮና በሽታ በነበረበት በዚያ ዓመት ጨዋታው በየቡድኑ ከተማ መደረጉ ቀረና ሁሉም ቡድኖች በአንድነት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዛወሩ መጫወት ጀመሩ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተመረጡ። ጎንደር አልነበረችበትም።

ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኘው በዚያው ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት ነው። እስቲ አስቡት፤ ለዓመታት በፋሲለደስ ስታዲየም የጮኸ ሰው ቡድኑ ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት በከተማው አንድም የሊግ ጨዋታ አላየም። እኛ መተማዎች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዓመት ከጎንደሮች ጋር እኩል ሆንን፤ እነርሱም እንደ እኛ በመስኮት አዩት። ከዚያ በፊት ጨዋታ ለማየት ከዚህ ወደ ጎንደር ለመውጣት የመኪና ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ነበሩ፤ ያ ዓመት ገንዘቡን አተረፈላቸው፤ መንገዱን ግን ወሰደባቸው። የበሽታው ጊዜ ካለፈ በኋላም ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ መካሄዱን ቀጥሏል፤ ካሜራውን በአንድ ሜዳ ላይ ተክሎ ብዙ ጨዋታ ማሳየት በየከተማው ከመዞር ይረክሳልና።

ፋሲል የሊጉ ሻምፒዮን እንደ መሆኑ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮኖች ውድድር ገባ። ዕጣው ያገናኘው ከማን ጋር ይመስላችኋል? ከጎረቤታችን ከሱዳን፣ ከኦምዱርማኑ አል ሂላል ጋር ነው። በእኛ በኩል የሚደረገው ጨዋታ ባሕር ዳር ላይ ተደረገ፤ በደርሶ መልሱ ሂላል አለፈ። በመተማ ይህ ጨዋታ እንደ ሌላው ቦታ አልነበረም። ድልድዩ ከዚህ ነው፤ ማዶው ገላባት ነው፤ የሂላልና የመሪኽ ስም በልጅነታችን የምንሰማው ከነጋዴዎችና ከሹፌሮች አፍ ነው። በየመንገዱ ስድብ ሳይሆን ቀልድ ተሰማ፤ ሻይ የተወራረዱም ነበሩ።

ስለ ሂላል አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው ይህ ቡድን ፕሬዚዳንቱን አባላቱ የሚመርጡት ቡድን ነው፤ ሀብታሞች ገንዘባቸውን ያፈሱበታል እንጂ ገዝተው አይወስዱትም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የአገሩ ሊግ ቆመ፤ ብዙ ሕዝብም ተሰደደ፤ ከተሰደዱትም በዚህ በመተማ በኩል የገቡ በሺሕ የሚቆጠሩ ናቸው። ሂላልና መሪኽ እ.ኤ.አ. በ2024-25 የውድድር ዘመን በእንግድነት በሞሪታንያ ሊግ ተጫወቱ። ሞሪታንያ ከዚህ በአህጉሩ ሌላ ዳር፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠረፍ ናት። ያኔ የዚያ ቡድን ሜዳ ከጦርነቱ ውስጥ ነበር፤ ደጋፊው በየስደቱ፣ ተጫዋቹ በሰው አገር ነበር። በከተማችን የሻይ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ሱዳናውያን ግን ውጤቱን በስልክ ሲሰሙ ቆዩ፤ ሲያሸንፉም «የእነ እገሌ ቡድን አሸነፈ» አላሉንም፤ «ሂላላችን አሸነፈ» ነው ያሉን፤ ሻዩንም እነርሱ ከፈሉ።